አፑ ማንን ያክም?

እትዬ በቆዳ ሕክምና ክፍል ለረጅም ዘመን በነርስነት ሠርተው ጡረታ የወጡ ናቸው። ማሙሽ የእህታቸው ልጅ ነው፤ ጎልምሶም ቤት ውስጥ አሁንም ማሙሽ ነው። ሶፍትዌር ይሠራል። ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ሥር የሰደደ የቆዳ ሕመም ላለባቸው ሰዎች የሥነ ልቦና ድጋፍ የሚሰጥ የአማርኛ አፕ ጀምሯል። ምርቃት ፈልጎ ሄዶ ክርክር ገጠመው።

ማሙሽ፦ በአጭሩ ልንገርዎት እትዬ። ሶሪያሲስ፣ ችፌ፣ ለምጽ ያለበት ሰው ስልኩ ላይ የሚጭነው አፕ ነው። ስሜቱን በየቀኑ ይመዘግባል፣ የአተነፋፈስ ልምምድ ይሠራል፣ ሲከፋውም የሚያናግረው አያጣም። አማካሪ በኪሱ ይዞ ዞረ ማለት ነው።

እትዬ፦ ቆይ፣ መጀመሪያ ለማን እንደምትሠራው ንገረኝ። እኔ ሌሊቱን ሲያክ የሚያድር የችፌ ታካሚ አውቃለሁ። ምንም ሳያሳክካትና ሳያማት እጇ ነጭ ስለሆነ ብቻ ከማኅበር የቀረች ሴት አውቃለሁ። ራሱ ላይ ቅርፊት ስላለበት ፀጉር ቤት መግባት የፈራ ጎረምሳ አውቃለሁ። ሦስቱንም ሰብስበህ «በረጅሙ ተንፍሱ» ብትላቸው ይታዘቡሃል።

ማሙሽ፦ መነሻቸው አንድ አይደለም እንዴ? ጭንቀት ቆዳን ያባብሳል ይባላል።

እትዬ፦ ሶሪያሲስንና ችፌን ያባብሳል፤ እሱ የታወቀ ነው። ሰው ግን ይህን እውነት ይዞ ምን እንደሚያደርግ ላጫውትህ። «ጭንቀትህ ነው ያመጣብህ፣ አትጨነቅ» ይለዋል። ሰውዬው በመታመሙ ላይ መጨነቁም ጥፋት ሆነበት። ዱሮ ኃጢአት ነው፣ መተት ነው እያሉ ያሸከሙትን አሁን በሳይንስ ስም መልሰው ጫኑበት። ሶሪያሲስ በዘር ከሚወረስ ዝንባሌና ከሰውነት የመከላከያ ሥርዓት መዛባት የሚመጣ በሽታ ነው። ጭንቀት የተኛውን ይቀሰቅሳል እንጂ በሽታውን አይወልደውም። አፕህ ይህን ልዩነት ካላወቀ ባይሠራ ይሻላል።

ማሙሽ፦ እሺ፣ ከሚያሳክከው ሰው እንጀምር። ለእሱ ስልክ ምን ይጠቅመዋል?

እትዬ፦ ለእሱ ይጠቅመዋል። ማሳከክ ሌሊት ይብሳል። ቆዳው ይሞቃል፣ ሰውነት የሚያመነጨው ኮርቲሶል ዝቅ ይላል፣ ሐሳብን የሚወስድ ሥራም የለም። ሲያክ ቆዳው ይላጣል፤ የተላጠው ይቆጣል፤ የተቆጣው ደግሞ ይበልጥ ያሳክካል። ክሬሙ አዙሪቱን በአንድ በኩል ይቆርጠዋል። በሌላ በኩል ያለው እጅ ነው፤ እጅ ደግሞ ባለቤቱ ሳያስበው ነው የሚሄደው። አዝሪንና ነን የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1973 ጥፍር መብላትን ለመሰሉ ልማዶች አንድ ዘዴ አሳተሙ። ስዊድኖች በ1980ዎቹ ለችፌ አዋሉት።

ማሙሽ፦ እንዴት ነው የሚሠራው?

እትዬ፦ መጀመሪያ ማንም «አትከክ» አይለውም። ስንት ጊዜ እንደሚያክ ብቻ ይቆጥራል። መቁጠሩ ራሱ እጁ ሲነሳ እንዲያስተውል ያደርገዋል። ከዚያ ሊያክ ሲል ሁለት እጁን ጨብጦ ሠላሳ ሰከንድ ያህል ይቆያል። ካልተወው፣ የሚያሳክከውን ቦታ ሳይፍቅ በጥፍሩ ጫን አድርጎ ይይዘዋል። ክሬሙም አይቀርም፤ አብረው ነው የሚሄዱት። ታዲያ ይህን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማን ያስታውሰዋል? እኔ ቤቴ ተኝቻለሁ፤ ሚስቱም ተኝታለች። ስልኩ ግን ራስጌው ነው። አንዴ ነካ ሲያደርገው፣ ስክሪኑ ሳይበራ በቀስታ «ጨብጥ… ያዝ… ልቀቅ» ቢለው፣ የለፋህበት ዋጋውን አወጣ።

ማሙሽ፦ እኛ በጽሑፍና በሥዕል ነበር ያሰብነው።

እትዬ፦ ብርሃኑ እንቅልፉን ያባርርበታል። ማንበብ የማይችለውስ? ጆን ካባት-ዚን የሚባል አሜሪካዊ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1998 ያሳተመው ጥናት አለ፤ ፈልገህ አንብበው። ሶሪያሲስ ያለባቸው 37 ሰዎች የብርሃን ሕክምና ሊወስዱ መጡ። ከፊሎቹ ብርሃኑ ሲያርፍባቸው የተመስጦ መመሪያ በካሴት ያዳምጡ ነበር። የእነሱ ቆዳ ካላዳመጡት ፈጥኖ ጠራ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ብዙ አትጫንበት። ግን ሁለት ነገር ይነግርሃል፤ ድምፅ ያለ ጽሑፍና ሥዕል ሥራ እንደሚሠራ፣ ካሴቱም የመጣው ከብርሃኑ ጋር እንጂ በብርሃኑ ምትክ እንዳልሆነ።

ማሙሽ፦ እኔም ማስረጃ አለኝ። ስዊድን ውስጥ ችፌ ያለባቸው 102 ዐዋቂዎች የተሳተፉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2021 ታትሟል። የ12 ሳምንት የሥነ ልቦና ሕክምና በኢንተርኔት የወሰዱት ምልክታቸው ቀነሰ፤ እንቅልፋቸውም ተሻሻለ። ቴራፒስቱ ለአንድ ሰው ያዋለው ጊዜ ተደምሮ በአማካይ አንድ ሰዓት አይሞላም። በ2024 ደግሞ ሰው በራሱ የሚከታተለው አጠር ያለ ፕሮግራም ቴራፒስት ካለበት የማያንስ ውጤት አሳየ። «ያለ ሰው አይሆንም» ሊሉኝ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ይኸው ሆነ።

እትዬ፦ ሆነ፤ አልክድህም። ግን የስዊድኑ ሰው ፕሮግራሙን ሲከፍት ምን ይዞ ነው? በሽታው ታውቋል፣ ሐኪምና መድኃኒት በቅርቡ አሉ። ሰው የሌለበት የመሰለህ፣ ሰዎቹ ድርሻቸውን አስቀድመው ስለሠሩ ነው። እኛ ጋ የሚመጣው ስንት ዓመት ተንከራትቶ፣ ጸበሉንም ሞክሮ፣ ከሱቅ የተገዛ ማንጫ ክሬም ተቀብቶ ቆዳው ከሳሳ በኋላ ነው። አንዳንዱ «ችፌ ነው» እያለ የያዘው ሥጋ ደዌ ሆኖ ይገኛል። ሥጋ ደዌ በመድኃኒት ይድናል፤ ቶሎ ካልታከመ ግን ነርቭ ይጎዳል፣ የተጎዳው ነርቭም ብዙውን ጊዜ አይመለስም። እንግዲህ ይህ ሰው አፕህን ከፍቶ «ቆዳህን እንዳለ ተቀበለው» የሚል ትምህርት ሲያዳምጥ ስድስት ወር ቢያልፈውስ?

ማሙሽ፦ እንደሱ አላሰብኩትም። ያልተመረመረ ሰው እንዳይገባ እናድርግ?

እትዬ፦ አትከልክለው፤ ጠይቀው። «ሐኪም አይቶሃል? ቦታው ይደነዝዝሃል?» በለው። ይደነዝዘኛል ካለ በዚያ ቀን ሌላ ምንም አታስተምረው፤ ጤና ጣቢያ ላከው።

ማሙሽ፦ መጠይቅ እንኳ አለን። ካርዲፍ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው፣ የቆዳ ሕመም ኑሮን ምን ያህል እንደጎዳ የሚለካው፤ አሥር ጥያቄ፣ ከ30 የሚታሰብ።

እትዬ፦ ጥሩ መለኪያ ነው። የአማርኛው ቅጂም ደቡብ ኢትዮጵያ ውስጥ በፖዶኮኒዮሲስ እግራቸው ባበጠ ሰዎች ላይ ተፈትኖ በ2008 እ.ኤ.አ. ታትሟል፤ ስለዚህ ከዜሮ አትጀምርም። ብቻ እንዳያታልልህ። የሚጠይቀው ስላለፈው ሳምንት ነው። ሠርግ መሄድ ካቆመ አምስት ዓመት የሆነው ሰው ባለፈው ሳምንት ማን ጠርቶት ይቸገራል? «በፍጹም አልተቸገርኩም» ብሎ ይሞላልሃል። አንተም ዝቅተኛውን ቁጥር አይተህ ደህና ነው ትላለህ። ደህና ሆኖ እኮ አይደለም፤ ኑሮውን አጥብቦ የሚነካው እንዳይኖር አድርጎ ነው።

ማሙሽ፦ ታዲያ ምን ብዬ ልጠይቀው?

እትዬ፦ «በቆዳህ ምክንያት የተውከው ነገር ምንድን ነው?» በለው። ከመልሱ ሕክምናው ይጀምራል። ያ የፀጉር ቤቱ ልጅ ለምሳሌ፣ ራሱ ላይ ሶሪያሲስ አለበት። ፀጉር አስተካካዩ ቅርፊቱን ሲያይ ሰው ፊት «ይሄ ይተላለፋል፣ ሌላ ቦታ ሂድ» አለው። ከዚያ ወዲህ ቤቱ በምላጭ ራሱን ይላጫል። ምላጩ ይቆርጠዋል፤ ሶሪያሲስ ደግሞ ቆዳ በተቆረጠበት ቦታ አዲስ ሊወጣ ይችላል። ሽሽቱ በሽታውን አሰፋበት።

ማሙሽ፦ ምን አደረጋችሁለት?

እትዬ፦ የክፍላችን የሥነ ልቦና ባለሙያ ደረጃ አወጣችለት። መጀመሪያ ኮፍያውን ቤት ውስጥ ማውለቅ። ቀጥሎ ያለ ኮፍያ ሱቅ ደርሶ መመለስ። ከዚያ ሰው በማይበዛበት ሰዓት ፀጉር ቤት ሄዶ፣ ሳይቆረጥ ማናገር ብቻ። የሚናገረውንም አጠናው፤ «ሶሪያሲስ የሚባል የቆዳ ሕመም ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ከፈለግህ የራሴን ማሽን አመጣለሁ።» እኔ ፀጉር አስተካካይ ሆንኩለት። መጀመሪያ አንገቱን ደፍቶ ለወለሉ ነበር የሚናገረው። እያመናጨቅሁ፣ «አልሰማሁህም» እያልኩ አለማመድኩት፤ በመጨረሻ ቀና ብሎ ዓይኔን እያየ ተናገረኝ።

ማሙሽ፦ ይህን አፕ ይችለዋል! ደረጃዎቹን ከሰውዬው ጋር ያወጣል፣ ድምፁን ቀድቶ ያሰማዋል፣ የሚያመናጭቅ ፀጉር አስተካካይም እንፈጥርለታለን።

እትዬ፦ ይችለዋል። ይህን ጻፈው። ሰው ፊት ከመውጣቱ በፊት ማንም ሳያየው አሥር ጊዜ ቢሳሳት የሚያፍርበት የለም፤ ስልክ ለዚህ ከእኔ ይሻላል።

ማሙሽ፦ ካነሱት አይቀር፣ በየቀኑ ማስታወሻ እንልክለታለን፤ «ሰላም! የዛሬውን የሶሪያሲስ ልምምድ ሠርተዋል?» የሚል።

እትዬ፦ የት ላይ ነው የሚወጣው?

ማሙሽ፦ ስክሪኑ ላይ ነዋ።

እትዬ፦ ስልኩ የማን ነው? ባልና ሚስት በአንድ ስልክ ሲጠቀሙ አላየህም? ልጅ ጌም ሊጫወትበት ሲወስደው፣ ጎረቤት ልትደውልበት ስትዋስ? አንዲት ልጅ ችግሯን ለእጮኛዋ ገና አልነገረችም እንበል። ቡና ተፈልቶ ሰው ሁሉ ተቀምጧል፤ ስልኩ ረከቦቱ አጠገብ ነው። «ጪው» ይልና የበሽታዋን ስም ያወጣዋል። በእናንተ ማስታወሻ ምክንያት ቀለበት ሊመለስ ይችላል።

ማሙሽ፦ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባል የለ?

እትዬ፦ ከሐኪም የደበቀ ነው። ለማን፣ መቼ እንደምትናገር መምረጥ የእሷ ነው እንጂ የአፑ አይደለም። ማስታወሻው «የቀጠሮ ሰዓት» ይበል፤ ያ ይበቃል። የአፑም ስምና ምልክት በሽታ አይጥራ። መክፈቻው የራሱ ፓስወርድ ይኑረው፣ ፎቶዎቹም ከጋለሪው ጋር አይቀላቀሉ።

ማሙሽ፦ መረጃው በኩባንያ ደረጃ እንዳይወጣ ግን አስበንበታል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ፤ የጤና መረጃ ጥብቅ ጥበቃ ይገባዋል።

እትዬ፦ አዋጁ መኖሩ ደግ ነው፤ ማን ይጠብቀው ነው ጥያቄው። አሜሪካ ውስጥ ቤተርሄልፕ የተባለው የኢንተርኔት ምክር አገልግሎት የተጠቃሚዎቹን የጤና መረጃ ለማስታወቂያ ሲል ለፌስቡክና ለስናፕቻት አሳልፏል ተብሎ ተከሶ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 7.8 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ከመንግሥት ጋር ተስማማ። እዚያ ጠያቂ መሥሪያ ቤት ነበረ። አንተ ቀላሉን መንገድ ያዝ፤ የማያስፈልግህን አትሰብስብ። ያላስቀመጥከው አይሰረቅም። ስሙን ምን ያደርግልሃል? የማስታወሻ መዝገቡም ከስልኩ አይውጣ።

ማሙሽ፦ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ ማድረግ ይቻላል፤ የፓኬጅ ወጪም ይቀንስለታል። እሺ፣ የሚያዋራው ሮቦትስ? ለዚህ ነው ኢንተርኔት የሚያስፈልገን።

እትዬ፦ እሱን ተወኝ።

ማሙሽ፦ ለምን? ሰው የሚያፍረውን ለማሽን ይናገራል፤ እርስዎ ራስዎ አሁን አሉ።

እትዬ፦ ያጠናውን ዓረፍተ ነገር ለማሽን መለማመድ ሌላ፣ «መኖር ሰለቸኝ» ብሎ ለማሽን መናገር ሌላ። ይህን የሚል ታካሚ ይመጣል፤ አትጠራጠር። ሶሪያሲስና የመንፈስ ጭንቀት አብረው መገኘታቸው የተለመደ ነው። ያኔ ስልኩን ሰው ማንሳት አለበት። ሁለተኛው ነገር ዕድሜው ነው። ዎቦት የሚባለው ታዋቂ አዋሪ ሮቦት እ.ኤ.አ. በ2017 ተጀምሮ በሰኔ 2025 አገልግሎቱን አቆመ። ባለቤቶቹ ምክንያት ነበራቸው ይሆናል። በየማታው ሲያወራው የኖረ ሰው ግን አንድ ቀን ሲከፍተው የለም። በመገለል የታመመን ሰው ማግለል ከባድ በደል ነው። የእጅ ጭበጣውን ልምምድ የተማረ ግን አፑ ቢጠፋም ልምምዱ እጁ ላይ ቀርቷል።

ማሙሽ፦ ስለዚህ አፑ የሚያስተምር እንጂ የሚወዳጅ አይሁን ነው የሚሉት።

እትዬ፦ አስተምሮ የሚለቅ። የናንተ ሰዎች ግን ሰውዬው በቀን ስንት ደቂቃ ስልኩ ላይ እንደቆየ ነው የሚቆጥሩት አሉ።

ማሙሽ፦ ገንዘብ የሚሰጡን መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው።

እትዬ፦ ንገራቸዋ! አፑን መክፈት ትቶ ፀጉር ቤት ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ነው ውጤታችሁ። በሦስተኛው ወር የሚከፍቱት ሰዎች ቁጥር ከቀነሰ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፤ ወይ ሰልችቷቸዋል፣ ወይ ተሽሏቸው ወደ ኑሯቸው ተመልሰዋል። የትኛው እንደሆነ ደውለህ ካልጠየቅህ ቁጥሩ አይነግርህም።

ማሙሽ፦ አንድ ነገር ግን አልመለሱልኝም። ልጁ ዓረፍተ ነገሩን አጥንቶ ሄደ። ፀጉር አስተካካዩስ? ጥፋቱ የእሱ ሆኖ ሳለ የሠለጠነው የተሰደበው ነው።

እትዬ፦ ጎሽ፣ እዚህ ላይ እንድትደርስ ነው የፈለግሁት! ቅድም ያልኩህ እጇ ነጭ የሆነ ሴትዮ ሰው ቤት ስትሄድ ስኒዋን በቦርሳዋ ትይዝ ነበር። ማንም ሳይላት፣ እንዳይሏት ብላ። ለምጽ አይተላለፍም፤ እሷም ታውቃለች። ችግሩ ያለው የሚያስተናግዷት ቤት ነው። ለእሷ በየቀኑ «አንቺ ውብ ነሽ» የሚል መልእክት መላክ የጎረቤትን ዕዳ ለእሷ ማስከፈል ነው። አለርት ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የሥጋ ደዌ ታካሚዎችን በራስ እንክብካቤ ቡድን አደራጅቶ ነበር። በየአካባቢያቸው እየተሰበሰቡ ቁስላቸውን ያያሉ፣ እርስ በርስ ይመካከራሉ። ያገኙት የቁስል ማነስ ብቻ አልነበረም፤ ተደብቆ የኖረ ሰው ከሰው ጋር መዋል ለመደ። አንድ ሰው ለብቻው ስልኩ ላይ ሲያቀረቅር ያ አይገኝም።

ማሙሽ፦ አፑ ውስጥ የውይይት ቡድን ብንከፍትስ?

እትዬ፦ ጠባቂ ከሌለው በሳምንቱ «ለምጽ በአሥር ቀን የሚያጠፋ ፍቱን መድኃኒት» የሚሸጥ ይሞላበታል። ይልቅ አፑ ሰዎቹን በአካል ወደሚገናኙበት ይምራ። ሌላው፣ ለታካሚው ከምታዘጋጀው ላይ ለቤተሰቡ የሚሆን የሦስት ደቂቃ ድምፅ ቀንስ። ለፀጉር አስተካካይ፣ ለመምህር፣ ለእድር ሰብሳቢ። ታካሚው በቴሌግራም ይላክላቸው። «አይተላለፍም» የሚለውን ቃል ሁልጊዜ እሱ ብቻ እየለመነ አይናገር፤ ሐኪም በድምፁ ይናገርለት።

ማሙሽ፦ ገጠር ያለውስ? ስማርት ስልክ የሌለው ብዙ ነው።

እትዬ፦ እሱን ካልደረስክ የከተማ ልጆች ሥራ ሆኖ ይቀራል። 8028ን አታውቅም? ገበሬው በተራ ስልክ ደውሎ በቋንቋው ስለ ማዳበሪያና ስለ ዘር ምክር የሚሰማበት መስመር ነው። ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ያው ገበሬ ነው በባዶ እግሩ ቀዩን አፈር ረግጦ በፖዶኮኒዮሲስ እግሩ የሚያብጠው። እግሩን በሳሙና እንዴት እንደሚያጥብ፣ ጫማ ለምን እንደሚያስፈልገው፣ ልጁን ሊድር ሲል «ዘራቸው ነው» ቢሉት ምን እንደሚመልስ፣ ያንኑ በመሰለ መስመር ቢሰማ ምን ይጎዳል? ስልክ ደውሎ ቁጥር መጫን ለምዷል።

ማሙሽ፦ እሺ እትዬ፤ የመጀመሪያውን ገጽ ምን ላድርገው?

እትዬ፦ ከገጹ በፊት ስልክ የሚያነሳውን ሰው ፈልግ። የቆዳ ሕክምና የሚያውቁ ነርሶች፣ አንድ የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ የባሰበትን የሚቀበል ሐኪም። የሚደነዝዘውን፣ «መኖር ሰለቸኝ» ያለውን፣ በሦስተኛው ወር የጠፋውን የሚከታተሉት እነሱ ናቸው። እነሱ ከተገኙ ኮዱን ጻፍ።

ማሙሽ፦ እንዲያማ ከሆነ የበጀታችን ግማሹ ለደመወዝ ሊሄድ ነው!

እትዬ፦ ግማሹ ከበቃችሁ ዕድለኞች ናችሁ።